ከጀማ ገደል ያወጣኝ አምላክ ይመስገን

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር፣ ወይራ ግንድ ላይ የቆመ የተጣመመ ፌሮ አለ። ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ሁሉ "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ይለኛል። ኢያሱ ከዮርዳኖስ ድንጋይ ያስወጣው ልጆች እንዲጠይቁ አይደል? እኔም ልመስክር።

እውነቱን ልናገርና ያኔ እግዚአብሔርን አኩርፌው ነበር። አባዬ ከሞተ በኋላ፣ አራት ኪሎ እየኖርኩ፣ የሥላሴ ደወል እየተሰማኝ ደጁን አልረግጥም። "ያን ሁሉ ጸሎት ምን አደረግከው?" ብዬ ጮኼበታለሁ። እሁድ እሁድ ቅዳሴ ትቼ ሃይኪንግ መውጣት የጀመርኩትም በእልህ ነው።

ኅዳር ላይ አንድ እሁድ ሌሊት 11 ሰዓት ከመስቀል አደባባይ ተነሳን። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ከደብረ ሊባኖስ ወደ ጀማ ሸለቆ ወረድን። ገደል እንደ ተራራ አይደለም፣ ቀላሉን አስቀድሞ ያሳይሻል። ጉልበትሽን ቁልቁለቱ ላይ ትጨርሺና ዳገቱ የሚጀምረው ታች ያለው ሙቀት ካዛለሽ በኋላ ነው። ስንመለስ እኔና አንዷ ጓደኛዬ ወደ ኋላ ቀረን። የላላ ጠጠር ረገጥኩ። ቁርጭምጭሚቴ ቋ ሲል እሷም ሰምታዋለች።

12 ሰዓት ላይ ጨለመ። ኔትወርክ የለም። ከፊታችን ጭላዳዎቹ አንድ በአንድ ወደ ገደሉ እየወረዱ ጥግ ጥጋቸውን ያዙ። ለካ ጅብና ነብር ፈርተው ገደል ላይ ነው የሚያድሩት። እነሱ የሚሸሹትን እኛ ምን ይዘን እንጠብቀው? ጓደኛዬ ጃኬቷን አውልቃ እግሬን ጠቀለለችልኝ፣ እሷ በቲሸርት አደረች። (እህቴ፣ ጥለሽኝ መሄድ ትችይ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።) ድንጋይ በተንከባለለ ቁጥር እጄን ትጨብጠኛለች። አናወራም።

5 ሰዓት አካባቢ ይመስለኛል፣ ጅብ ጮኸ። ሳላስበው "ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?" ከአፌ ወጣ። አባዬ ማታ ማታ የሚደግመው መዝሙር 120። "እግርህን ለመናወጥ አይሰጠውም" የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ፣ ከዛ ልቅሶ። እግሬማ ይኸው! እንደገና ተቆጣሁት። ወዲያው የተክልዬ ሥዕል ድቅን አለብኝ፣ በአንድ እግራቸው ቆመው ሲጸልዩ። ደብራቸው እኮ ከበላያችን ነው። "አባቴ፣ የእግርን ነገር አንተ ታውቃለህ" አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

7 ሰዓት አልፎ ከላይ የባትሪ መብራት ብልጭ አለ። ቀድመው የወጡት ጓደኞቻችን መንደሩን ቀስቅሰው ኖሯል፤ አንድ አባትና ልጃቸው መጡልን። እሳቸው አማርኛ ትንሽ ትንሽ፣ እኔ ኦሮምኛ "ገለቶማ" ብቻ። አባትና ልጅ እየተቀባበሉ አዘሉኝ። ሲነጋ ጠርዙ ላይ ነበርን። ገንዘብ ብንሰጣቸው አሻፈረኝ አሉ። ባሉበት እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ከዚያ 6 ወር በጀሶና በክራንች።

የጓደኛዬ የእጅ ሰዓት መንገዳችንን በጂፒኤስ መዝግቦት ነበር። መስመሩን አሳትሜ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ላለ በያጅ ወሰድኩለት። ባለ 6 ፌሮውን ቁልቁሉንም ዳገቱንም እያስከተለ ሲያጥፍ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። መስመሩ እንደ ተበላሸ ክር ተተብትቧል። ያደርንበት ቦታ ነው። እኛ ንቅንቅ ሳንል ሰዓቱ ከገደሉ ሥር ሲግናል እየተምታታበት ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብሎ ሲሞነጫጭር አድሯል።

"ይሄ ተሳስቷል መሰለኝ፣ ቀጥ ላርገው?"

"እንዳትነካው!" ጮህኩበት፣ ምስኪን ደነገጠ። ታሪኩን ስነግረው ያንን ውጥንቅጥ ብቻ ግማሽ ቀን ሠራው። ዋጋም ቀነሰልኝ።

እናቴ ግን ያን ሌሊት ለተክልዬ ጃንጥላ ተስላልኝ ኖሮ፣ "ስለቱ ሳይገባ ፌሮ!" ብላ ተቆጥታለች። ልክ ናት። ዛሬ ነሐሴ 24 ያለ ክራንች፣ በእግሬ፣ ተክለ ሃይማኖት ሄጄ አስገባሁ። ዝናቡ ለጉድ ነበር። ጃንጥላ ተሸክሜ በሰበስኩ። ይሄን የምጽፈው እንደገባሁ ነው፣ ነጠላዬ ገና ያንጠባጥባል።