ፀሐይን በ12 መንገድ፦ በክፍት የድር ዳታ ላይ የአማርኛ መፈለጊያ ስሠራ

«ፀሐይ» የሚለውን ቃል ሰው በስንት ዓይነት ሊጽፈው ይችላል? መነሻው ፀ ወይም ጸ፣ መሐሉ ሐ፣ ሓ፣ ሀ፣ ሃ፣ ኀ ወይም ኃ፤ ሲባዛ 12። አንባቢ ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፣ ኮምፒውተሩ ግን 12 የማይተዋወቁ ቃላት አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የአማርኛ መፈለጊያ ሥራ ዋናው ድካም እዚህ ላይ ነው። ገጾቹን መሰብሰብ ቀላሉ ክፍል ነው፣ ሌላ ሰው ሰብስቦ አስቀምጦታልና።

ዳታውን የወሰድሁት ከኮመን ክሮል ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ድሩን እየዞረ የሚቀዳ፣ ቅጂውንም ለማንም በነፃ የሚሰጥ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። እያንዳንዱ ዙር በቢሊዮን የሚቆጠር ገጽ ስለሚይዝ ሙሉውን ማውረድ አይታሰብም። የሚያስፈልገው በፓርኬ ፋይል (ዳታውን በዓምድ በዓምድ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) የተዘጋጀው የአድራሻ ማውጫ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ዙሮች የየገጹ ቋንቋ በማውጫው ተመዝግቧል፤ አማርኛ በሦስት ፊደል ኮዱ፣ «ኤ-ኤም-ኤች» ተብሎ ይገኛል። ማውጫውን በአማዞን አቴና፣ የተቀመጠ ፋይልን ሳያወርዱ በሚጠይቁበት አገልግሎት፣ ጠየቅሁት። አቴና የሚያስከፍለው ባነበበው ዳታ ልክ፣ በቴራባይት 5 ዶላር ሂሳብ ስለሆነ፣ የዙሩን ስምና የገጾቹን ቅጂ የያዘውን «ዋርክ» የሚለውን ክፍል በጥያቄው ውስጥ ለይቶ አለመጻፍ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ሁሉንም ዓምድ መጥራትም እንዲሁ፤ አድራሻው፣ የፋይሉ ስም፣ የመነሻው ነጥብና ርዝመቱ ይበቃሉ።

የቋንቋው ዓምድ እስከ ሦስት ቋንቋ ይይዛል፣ ዋናው በመጀመሪያ ይመጣል። «እኩል ነው» ብላችሁ ብትጠይቁ አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ገጽ ሁሉ ያመልጣችኋል፣ የዜና ድረ ገጾች ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ናቸው። «በአማርኛ የሚጀምር» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ገጹን ለማውጣት ከመነሻው ነጥብ እስከ መነሻ ሲደመር ርዝመት ሲቀነስ 1 ያለውን ባይት ብቻ መጠየቅ ነው። ያቺን 1 መቀነስ ከረሳችሁ የሚቀጥለው መዝገብ አንድ ባይት ተለጥፎ ይመጣና አንዳንድ መፍቻ ፕሮግራም ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል። እያንዳንዱ መዝገብ ለብቻው በጂዚፕ ስለተጨመቀ ቁራጩ ብቻውን ይፈታል። ጥያቄዎቹን በፋይል ስምና በመነሻ ነጥብ ቅደም ተከተል ደርድሩ፣ ሰርቨሩ እምቢ ማለት ሲጀምር የመጠባበቂያ ጊዜውን በየጊዜው እጥፍ አድርጉ። ዳታው ያለው በአማዞን የሰሜን ቨርጂኒያ ማዕከል ስለሆነ ማሽኑን እዚያው መከራየት ብዙ ጣጣ ይቀንሳል።

ስለ አውሮፓው የክፍት ድር ኢንዴክስም አንድ ነገር ልበል። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በ2022 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ ሥራ ገጾቹን ብቻ ሳይሆን የተዘጋጀ ኢንዴክስም (የትኛው ቃል በየትኛው ገጽ እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ) ይሰጣል። ለጀርመንኛ ወይም ለእንግሊዝኛ ትልቅ ዕረፍት ነው። ለአማርኛ ግን የተዘጋጀውን ኢንዴክስ አልመክርም፤ ጥሬ ጽሑፉን ወስዶ ራስ መሥራት ይሻላል። ኢንዴክሱ ሲሠራ ቃሉ የተቆረጠበት መንገድና ተጠቃሚው ሲጠይቅ የሚቆረጥበት መንገድ አንድ ካልሆነ ሁለቱ አይገናኙም።

ከማጣራቱ የሚበዛው ትግርኛን መለየት ነው። አጫጭር ገጾች ላይ የቋንቋ መለያው ይሳሳታል። እኔ የተጠቀምሁት ቀላል ዘዴ ነው፦ «ነው»፣ «ነበር»፣ «ላይ»፣ «ውስጥ» ስንት ጊዜ እንደመጡ፣ «እዩ»፣ «ናይ»፣ «ኣብ» ስንት ጊዜ እንደመጡ ቆጥሮ ማወዳደር፤ የቐ ዘር ከተገኘ ደግሞ ወደ ትግርኛ ማድላት። ከዚያ የግዕዝ ፊደል ብዛታቸው ከ200 በታች የሆኑ ገጾችን ጣልሁ፣ ብዙዎቹ የዝርዝር ቁልፎች ብቻ ናቸውና። ልብ በሉ፣ የምቆጥረው ፊደል ነው እንጂ ባይት አይደለም፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይፈጃልና በባይት የተሠራ መለኪያ ሁሉ ይዋሻል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ አሮጌ ገጾች የላቲን ፊደል ትርምስ መስለው ስለሚቀመጡ የቋንቋ መለያው አያገኛቸውም፤ ተውኳቸው።

ኢንዴክሱን የሠራሁት ኦፕንሰርች በሚባለው ክፍት የመፈለጊያ ፕሮግራም ነው። ከሥሩ ያለው የመፈለጊያ ኮድ፣ ሉሲን፣ ለብዙ ቋንቋ የተዘጋጀ ተንታኝ (ጽሑፉን ቆርጦ ለኢንዴክስ የሚያዘጋጅ) አለው፣ ለአማርኛ ግን የለውም። መደበኛው ቃል ቆራጭ የግዕዝ ፊደልን እንደ ፊደል ያውቃል፣ በ፡ እና በ። ላይም በትክክል ይቆርጣል። ችግሩ የላቲኑ ሁለት ነጥብ (:) ነው። ብዙ ሰው በ፡ ፋንታ ከቁልፍ ሰሌዳው የቀረበውን የላቲን ምልክት ይጠቀማል፣ ቆራጩ ደግሞ በሁለት ፊደላት መካከል ሲያገኘው ቃሉን አይከፍልም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንደ አንድ ቃል ይገባል፣ ማንም ፈልጎ አያገኘውም፣ ስሕተትም አይታይም። ከመቁረጥ በፊት በሁለት የግዕዝ ፊደላት መካከል ያለውን ይህን ምልክት ወደ ክፍት ቦታ መለወጥ ግዴታ ነው። የሕዝባር (/) ነገርም አለ፦ «ዓ.ም» በነጥብ ሲጻፍ አንድ ቃል ሆኖ ይቀራል፣ «ዓ/ም» ግን ሁለት ይሆናል። «ት/ቤት»፣ «ፍ/ቤት»፣ «ወ/ሮ» እና ጓደኞቻቸውን ከመቁረጡ በፊት በሠንጠረዥ ወደ ሙሉ ቃላቸው መለስሁ።

አሁን ወደ ፊደሉ። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፤ በሀ እና በአ ዘር ግዕዙና ራብዑ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስለሆኑ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ። ኸ እና ኧ ድምፃቸው የተለየ ነውና አትንኳቸው። ሠንጠረዡን ከሌላ ሰው ኮድ ስትገለብጡ እያንዳንዱን ፊደል በዓይናችሁ አጣሩ። ኅ ወደ ሀ የሚቀየርበት ሠንጠረዥ አጋጥሞኛል፤ ኅ ሳድስ ስለሆነ መሄድ ያለበት ወደ ህ ነው። በዚያ ስሕተት «ኅብረት» «ሀብረት» ይሆንና «ህብረት»ን ከሚፈልግ ሰው ጋር ለዘላለም ይተላለፋል። ቁዋን ወደ ቋ፣ ጉዋን ወደ ጓ መመለስንም አትርሱ።

ይህ ማስታረቅ ዋጋ ያስከፍላል። ሠረቀ ወጣ ማለት ነው፣ ሰረቀ ሌባ ያደረገው ነው፤ ሠዐለ ሥዕል ነው፣ ሰአለ ልመና። ስለዚህ የመጀመሪያውን አጻጻፍ አልጣልሁም። እያንዳንዱ ጽሑፍ በሦስት ፊልድ (ለየብቻ በሚፈለግ የኢንዴክሱ ክፍል) ይገባል፦ እንደተጻፈው፣ ፊደሉ የታረቀ፣ ቅጥያው የተነሣ። ክብደታቸው 4፣ 3 እና 1 ነው። በትክክል የጻፈ ሰው በትክክል የተጻፈውን ከላይ ያገኛል፣ ሌላውም አይቀርበትም።

ቅጥያ ማንሣት በፊደል ደረጃ አይሠራም። «ቤት»፣ «ቤቱ»፣ «ቤቶች»፣ «ቤታችን» የሚጋሩት ቤ ብቻ ነው፤ ትዋ በየቦታው መልኳን ትቀይራለች። መጀመሪያ ፊደሉን ወደ ተነባቢና አናባቢ መበተን ያስፈልጋል። ዩኒኮድ እዚህ ላይ ደግ ነው፦ የግዕዝ ሠንጠረዥ የሚጀምረው በ16 ቤት አቆጣጠር (ሄክሳዴሲማል) 1200 ላይ ሲሆን እያንዳንዱ ዘር 8 ቦታ ይይዛል። ቁጥሩን ለ8 ስታካፍሉ ድርሻው ዘሩን፣ ቀሪው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ቤት ይነግራችኋል። ቀሪው 7 ሲሆን እንደ ሏ ያለ ነው። የቈ፣ የኈ፣ የኰ እና የጐ ዘሮች ለብቻ ይታያሉ። ተበትኖ «ቤቶቻቸው» ብ-ኤ-ት-ኦ-ች-ኣ-ች-ኧ-ው ይሆናል፤ የባለቤትነቱን፣ ከዚያ የብዙ ቁጥሩን ስትቆርጡ ብ-ኤ-ት ይቀራል። ቢያንስ ሁለት ተነባቢ ካልቀረ መቁረጡ ይቁም። «መጻሕፍት» እና «ነገሥታት» በዚህ አይፈቱም፣ በተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር ውስጥ አስገቧቸው።

ከፊት ያለው የባሰ ነው። የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ይነሡ ብላችሁ ብታዙ «ከተማ» «ተማ» ይሆናል፣ «በለስ» «ለስ»። «የተረፈው ቃል በመዝገበ ቃላት ካለ ብቻ ቁረጥ» የሚለው ደንብ ይረዳል፣ ግን «በቆሎ»ን «ቆሎ» ከማድረግ አያድንም። መፍትሔው መምረጥ አይደለም፤ የተቆረጠውንም ያልተቆረጠውንም በአንድ ቦታ ላይ ማስገባት ነው። የቆሎ ፈላጊ የበቆሎ ገጽ ቢያይም ከታች ያየዋል። ግሦችን አልነካሁም። ሆርንሞርፎ የሚባለው ተንታኝ ግሥን በደንብ ይፈታል፣ ነገር ግን ለብዙ ገጽ ይዘገያል፤ የተጠቃሚውን ጥያቄ ብቻ ለመተንተን ግን ይሆናል።

«ቤተ ክርስቲያን» እና «ቤተክርስቲያን»፣ «አዲስ አበባ» እና «አዲስአበባ» እንዲገናኙ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቃላትን ያለ ክፍት ቦታ አጣብቄ ተጨማሪ ቃል አድርጌ አስገባሁ። ኢንዴክሱ ያብጣል፣ ግን ያዋጣል።

ለላቲን ተብሎ የተሠራ ማንኛውንም ነባር ቅንብር ተጠራጠሩ። ከ3 ፊደል በታች ያለውን የሚጥል ማጣሪያ ቤትን፣ ሰውን፣ ውሃን ይጥላል። የፊደል ግድፈትን የሚታገሰው ቅንብር በራሱ ሲተው ከ3 እስከ 5 ፊደል ባለው ቃል ላይ አንድ ስሕተት ይፈቅዳል፤ በእንግሊዝኛ ተገቢ ነው፣ በአማርኛ ግን «ሰላም» ብሎ ለጠየቀ ሰው «ሰላጣ» ያቀርብለታል። ግድፈትን መታገሥ ያለበት ወደ ተነባቢና አናባቢ የተበተነው፣ ቅጥያው የተነሣው ፊልድ ብቻ ነው፣ አንድ አናባቢ ሲለወጥ እዚያ አንድ ስሕተት ሆኖ ይቆጠራልና። «ቴሌቪዥን» እና «ቴሌቭዥን» የሚገናኙት በዚህ ነው።

ለአዲስ ገጽ ቅድሚያ ስትሰጡ በጽሑፉ ውስጥ ያለውን ዓመት አትመኑ። «2016» ዓ.ም ይሁን እ.ኤ.አ. ገጹ ሁልጊዜ አይናገርም፣ ልዩነቱ ደግሞ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። ኮመን ክሮል ገጹን የቀዳበትን ቀን ተጠቀሙ።

ለመለካት 60 ጥያቄ ጻፍሁ፦ 20ው አጻጻፉ የሚለያይ፣ 20ው ቅጥያ ያለው፣ 10ሩ የተጣበቀ ወይም የተለያየ ስም፣ 10ሩ ግድፈት ያለበት። ለእያንዳንዱ የመጀመሪያዎቹን 10 ውጤቶች 0፣ 1 ወይም 2 ሰጥቼ፣ ደንብ በቀየርሁ ቁጥር ሁሉንም እንደገና አስኬዳለሁ። ጥያቄዎቹን በዓይነት መክፈሉ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ አማካዩ ሳይነቃነቅ አንዱ ቡድን ሲሻሻል ሌላው ሲወድቅ ይታያል፤ የቅድመ ቅጥያው ደንብ ላይ የሆነውም ይኸው ነበር።