ብሮንዚኑ ምን በደለ?

መሳቢያዬ ውስጥ ስምንት ግማሽ ቀለበቶች አሉ። የአንዲት ሃይስ ሚኒባስ የቢዬላ ብሮንዚኖች ናቸው። ቢዬላ ፒስተኑን ከሚሽከረከረው የሞተር ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው፤ ብሮንዚን ደግሞ ክንዱ ዘንጉን በሚይዝበት ቦታ የሚገባው ሽፋን። ምንም አልሆኑም። ከሞተሩ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ያለ ጥፋታቸው።

ጊዜው 2001 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነበር። ቄራ አካባቢ አንድ ጋራዥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከለማጅነት ከወጣሁ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ያኔ በጆሮዬ እመካ ነበር። መኪና ገና በር ላይ ሳለች "ይቺ ቺንጋዋ ላልቷል"፣ "ያቺ ቫልቯ መስተካከል አለበት" እላለሁ። ጠዋት ጮሆ ሲሞቅ ዝም የሚለውን ደግሞ "ፒስተን ነው፣ ገና ይነዳል" ብዬ እሸኛለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበርኩ። ልክ መሆን እንዴት እንደሚያሰክር ያየ ያውቀዋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሰማያዊና ነጭ ታክሲ እያንኳኳች ገባች። ሞተሯ ፋይቭ ኤል ነው፤ ሦስት ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ። እነዚህ የኤል ሞተሮች ሲያረጁ መጮኻቸው ያለ ነው። የዚች ግን የእርጅና አልነበረም። ጓ፣ ጓ፣ ጓ! ብሎኩ ውስጥ መዶሻ የያዘ ሰው ያለ ይመስላል። ነዳጅ ሲሰጧት ይብሳል።

ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይወርድ ማስረዳት ጀመረ። "ትናንት ሰርገኛ ይዤ ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። ስመለስ ናፍጣ አጣሁና መንገድ ላይ በጀሪካን ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ..."

"እሺ፣ እሺ፣ ሞተሩን እንዳታጠፋው" አልኩት። አላስጨረስኩትም።

ረጅሙን ካቻቢቴ አመጣሁ። ጫፉን ብሎኩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ። አንደኛ ሲሊንደር ደህና፣ ሁለተኛ ደህና፤ ሦስተኛ ላይ ስደርስ ጭንቅላቴ ውስጥ አንኳኳ። ካቻቢቴውን ከፍ አድርጌ የሞተሩ ራስ ቴስታታው ላይ፣ ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ኖዝል አጠገብ ባሳርፈው ኖሮ እዚያም እንዲያው ሲያንኳኳ እሰማ ነበር። አላሳረፍኩትም። ብሮንዚን የሚፈልግ ሰው ጆሮውን የሚያሳርፈው ታች ነው።

ቀጥሎ ማንኛውም የናፍጣ መካኒክ የሚያደርገውን አደረግሁ። 17 ቁልፍ ይዤ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቧንቧዎች ተራ በተራ ላላ አደረግኋቸው። (ይህን የምትሞክር ካለህ ጨርቅ ጣል አድርግበት፣ እጅህንም አርቅ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።) ቧንቧው ሲላላ ናፍጣው ውጭ ይፈሳል፤ ያ ሲሊንደር አይቃጠልም፤ ፒስተኑም ቢዬላውን በኃይል አይገፋም። ብሮንዚኑ የሰፋ ከሆነ ድምፁ ይጠፋል ወይም ይቀንሳል። አንደኛውን አላላሁ፤ ድምፁ አለ። ሁለተኛውን፤ አለ። ሦስተኛውን ሳላላ ሞተሩ ተንገጫገጨ፣ ጓ ጓው ግን ድርግም አለ። መልሼ አጠበቅሁት፤ መጣ። አላላሁት፤ ጠፋ።

ለማጆቹን ጠርቼ ሁለት ጊዜ ደግሜ አሳየኋቸው። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ባለቤቷ ከሰዓት መጡ። ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ታክሲዋን የገዙት በዕቁብና በብድር ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ሞተሩ አጠገብ ቆሙና "ልጄ፣ እርግጠኛ ነህ?" አሉኝ።

"እትዬ፣ ምንም አያጠራጥርም፣ ብሮንዚን ነው። እንዲህ እያለች ከተነዳች ቢዬላው ብሎኩን በስቶ ይወጣል። ያኔ ሞተር ሊገዙ ነው።"

የተናገርኩት ውሸት አይደለም። ብሮንዚን የበላ ሞተር መጨረሻው እንዲያ ነው። የሌለ በሽታን መጨረሻ ነው የነገርኳቸው እንጂ። እሳቸውም ምን ይበሉ? "እንግዲህ ክፈተው" አሉ።

ከፈትኩት። ከሥር ተኝተን ዘይቱን አፍስሰን ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ኮፓውን፣ እስክናወርድ ማክሰኞ ተጋመሰ። ዘይቱን በጨርቅ አጥልዬ ባትሪ አበራሁበት። ብሮንዚን የበላ ሞተር ዘይቱ ውስጥ ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ብናኝ ይገኛል። አንድም አልነበረም። የሦስተኛውን ቢዬላ በእጄ ጨብጬ ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቅሁት። ንቅንቅ አላለም። እነዚህ ሞተሮች ላይ በኮሎው (በሚሽከረከረው ዘንግ) እና በብሮንዚኑ መካከል የሚፈቀደው ትልቁ ክፍተት 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ያን ያህል የሚያንኳኳ ብሮንዚን ከዚያ አልፎ እጅህ ላይ ቀጭ ቀጭ ማለት ነበረበት።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ኮፓው ወርዷል፣ እትዬ ተነግሯቸዋል፣ ለማጆቹ ከበውኛል። ብሎኖቹን ፈታሁና ብሮንዚኑን አወጣሁ። ግራጫው ፊቱ ላይ ጭረቶች አሉ፤ አንድ ጠርዙ ላይ መዳቡ ብቅ ብሏል። "ይኸው!" አልኩ። "ተበልቷል።"

ስንት ዓመት ታክሲ የሠራ ሞተር ከፍተህ ምንም ያልነካው ብሮንዚን ካገኘህ ንገረኝ። የአንደኛውም፣ የሁለተኛውም፣ የአራተኛውም ፊት ያው ነበር። አየሁት፤ ሁሉም ተበልቷል ማለት ነው ብዬ አለፍኩ።

ረቡዕ ሶማሌ ተራ ሄጄ አዲስ ብሮንዚን ገዛሁ። ሐሙስ ከሰዓት ገጥመን፣ አዲስ ዘይት ሞልተን ጨረስን። እትዬ መጥተዋል፣ ሾፌሩም አለ፣ ረዳቱም አለ። ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ ሁለቴ ዞረና ተነሣ።

ጓ፣ ጓ፣ ጓ።

ማንም አልተናገረም። ረዳቱ ብቻ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "አለች!" አለ።

ድምፁን ሰምተው ከጎረቤት አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ፖምፕና ኖዝል የሚሠሩ ናቸው፤ ከእኛ ጋራዥ በሁለት ሱቅ ያህል ይርቃሉ። ጎንበስ ብለው አዳመጡና "ምን አደረግህላት?" አሉኝ። የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። የሦስተኛውን ቧንቧ ሳላላ ድምፁ እንደጠፋም ነገርኳቸው፤ መከላከያዬ እሱ ነበርና።

"ኖዝሉን አቀያየርከው?"

"አላቀያየርኩም ጋሼ።"

ሌላ አልጨመሩም። ራሳቸው 27 ቁልፍ አስመጥተው የሦስተኛውንና የአንደኛውን ኖዝል ፈቱ፤ ሮንዴላ (ማሸጊያ ቀለበት) ከኪሳቸው አውጥተው ቦታ ለውጠው አሰሩ። ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ያው ነው። አሁን ግን የሦስተኛውን ቧንቧ ሲያላሉ ጓ ጓው ምንም አልሆነም። የአንደኛውን ሲያላሉ ጠፋ። ድምፁ ከኖዝሉ ጋር ቤት ለቆ ሄዷል። ብሮንዚን ደግሞ ቤት አይለቅም።

የነገሩ ሥር ይኸው ነው። ቧንቧ ስታላላ የምታጠፋው ሁለት ነገር ነው፤ ቢዬላው ላይ የሚወርደውን ኃይልም፣ ቃጠሎውን ራሱንም። ያረጀ ብሮንዚንም ዝም ይላል፣ የታመመ ኖዝልም ዝም ይላል። እኔ በዚያ ሙከራ ያወቅሁት ችግሩ ሦስተኛ ሲሊንደር አካባቢ እንዳለ ብቻ ነበር። ከላይ ይሁን ከታች ገና አላወቅሁም።

አራቱንም ኖዝሎች ሱቃቸው ወስደው በእጅ ፓምፕ ሞከሯቸው። ከሦስቱ ጤነኞች ናፍጣው ጥርርር እያለ እንደ ጉም ነው የሚወጣው። የታመመው መርፌው ተጣብቋል። መጀመሪያ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ እንደ ቱቦ ውኃ ይፈሳል። እንዲህ ያለ ናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ በወጉ አይቀጣጠልም፤ ተጠራቅሞ በአንዴ ይፈነዳል። መዶሻው ያ ነው። ሞተሯ ጭስ ትተፋ እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ሽማግሌው መርፌውን አውጥተው ብርሃን ላይ አዞሩት፤ ቆሻሻ ጭሮታል። "ናፍጣ ከየት ነው የምትቀዱት?" ሲሉ ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝ። ጀሪካኑን ሁለተኛ ጊዜ ማንሳት አላስፈለገውም።

የኖዝሉ ሥራ ሁለት ሰዓት አልፈጀም። የብሮንዚኑ፣ የዘይቱና የማሸጊያው የጓርኒሲዮኑ ዋጋ ከደሞዜ ተቆረጠ። የአራት ቀኑን ገቢ ግን ማን ይመልስላቸው? እትዬ አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። መኪናቸውን ይዘው ሄዱ፤ ሁለተኛ እኛ ጋራዥ አልመጡም።

አሁን የራሴ ቦታ አለኝ። ሞተር የሚያንኳኳ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ ሾፌሩን አስወርጄ ሻይ አስመጣለሁ፤ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አስወራዋለሁ። መቼ ጀመረ፣ ምን ቀዳህ፣ ማን ነካው። ብዙው ወሬ አይጠቅምም፤ እንዲሁ እሰማለሁ። ከዚያ የዘይት መብራቱን አላምንም፤ የሚበራው ግፊቱ ሲያልቅ ነው። ጌጅ አስሬ ሞተሩ ሲሞቅ አየዋለሁ። በደቂቃ 3000 ዙር ላይ፣ በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ2.5 ኪሎ በታች ከወረደ ብሮንዚኑን መጠርጠር ይገባኛል። የዘይት ፊልትሮውን ቀድጄ ወረቀቱን እዘረጋለሁ፤ የብረት ብናኝ ፍለጋ።

ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጥረውን ግፊት፣ ስለካም አዲስ አበባ መሆኔን አልረሳም። የኤል ሞተሮች መመሪያ በዚያው መለኪያ 32 ይላል፤ ዝቅተኛውን 20። ያ ቁጥር ግን የባሕር ጠረፍ አየር ነው። እኛ ያለነው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየራችን ሩብ ያህል ይሳሳል። ጤነኛ ሞተር እዚህ 24 አካባቢ ቢያሳይ አይገርምም። "32 አልሞላም፣ ሞተርህ አልቆለታል" የተባለ ልጅ እያለቀሰ ሊቀር ምንም ሳይቀረው መጥቶልኝ ያውቃል። አራቱን ለካሁለት፤ 23፣ 24፣ 23፣ 24። ተቀራርበዋል። በዚያው ሞተር እስካሁን ይሠራል።

ባለፈው ወር አንድ ሃይሉክስ ሦስተኛ ሲሊንደሯ እያንኳኳ መጣች። አዲሱ ለማጄ ፈጣን ነው፣ ጆሮም አለው። ቧንቧውን አላልቶ ድምፁ ሲጠፋ እየሮጠ መጣ። "ጋሼ፣ ብሮንዚን ነው! ኮፓውን ላውርደው?"

መሳቢያዬን ከፍቼ አንዷን ግማሽ ቀለበት ሰጠሁት። "ምን ሆናለች?"

መስኮቱ ጋ ወስዶ አገላበጣት። በአውራ ጣቱ ጠርዟን ዳሰሰ።

"መዳቡ ብቅ ብሏል ጋሼ። ተበልታለች።"

27 ቁልፉን አቀበልኩትና ኖዝሎቹን እንዲፈታ ላክሁት።