የተሰረዙት ሁለት ወንበሮች

ፒያሳ በሚገኝ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልምምድ የሚያደርግ አነስተኛ የክር መሣሪያዎች ኦርኬስትራ ነበረን። የእኔ ሥራ ዜማዎችን ማቀናበር፣ ኖታውን ገልብጦ ለየተጫዋቹ ማደልና የመድረኩን አቀማመጥ ማሰናዳት ነበር። ተጫዋቾቹ 13 ሲሆኑ፣ አራቱ አንደኛ ቫዮሊን፣ አራቱ ሁለተኛ ቫዮሊን፣ ሁለቱ ቪዮላ (ከቫዮሊን ጥቂት የሚተልቅና ድምፁ ወደ ታች የሚወርድ መሣሪያ)፣ ሁለቱ ቼሎ፣ አንዱ ደግሞ ኮንትራባስ ይጫወታሉ። አንድ ዝግጅት ሊቀርብ አራት ቀን ሲቀረው፣ መድረኩ ላይ የክብር እንግዶች ጠረጴዛ ስለሚቀመጥ ከ11 ወንበር በላይ እንደማይፈቀድልን አዘጋጆቹ ነገሩኝ። እኔም ብዙ ሳላሰላስል ሁለቱን ቪዮላዎች ሰረዝኩ። ለቡድኑ መሪ ያቀረብኩላት ምክንያት ዛሬም ያሳፍረኛል፤ "ዜማው የቫዮሊን ነው፣ መሠረቱ የቼሎና የኮንትራባስ ነው፤ መሀል ያለውን ማንም አይሰማውም" ነበር ያልኳት። ለሁለቱ ተጫዋቾች በስልክ ነገርኳቸው። በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ "እሺ ልጄ፤ ልምምዱን ግን መጥቼ አዳምጣለሁ" ብለው ዘጉት።

ቅዳሜ ጠዋት የተለማመድነው በትዝታ ሜጀር ቅኝት ያቀናበርኩትን ሥራ ሲሆን፣ የሚከፈተውም በአንድ ረጅም ኅብረ ድምፅ ነው። ኮንትራባሱና ቼሎዎቹ ከታች ዶን፣ ሁለተኛ ቫዮሊኖቹ ሶልን፣ አንደኛዎቹ ከላይ ዶን ይይዛሉ፤ ሚ የተሰጠችው ለቪዮላ ብቻ ነበር። ደጋኖቹ እኩል ተንቀሳቀሱ፣ ድምፁም ወጣ፤ ነገር ግን ዕቃው የወጣበት ቤት ውስጥ እንደሚጮኽ ድምፅ ኦና ሆነብን። ቪዮላ ጎደለ ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። መሪዋ ሁለተኛ ቫዮሊኖቹን ደግመው እንዲቃኙ አዘዘቻቸው፤ አንደኛዎቹን ድምፃችሁ ሾለ ብላ ወቀሰቻቸው፤ እኔ በክፍሉ ጣሪያ አሳበብኩ።

ይህ በትዝታ ላይ ቀላል ጉድለት አይደለም። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ማይነር ይሆናል። ስለዚህ መክፈቻው ላይ ሚ ከሌለች አድማጩ ወደ የትኛው ትዝታ እንደገባ ማወቅ አይችልም።

ጋሼ የቪዮላ ሣጥናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው እስከ ዕረፍት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ መሣሪያቸውን አወጡና "ያችን መክፈቻ እስቲ ድገሟት" አሉ። ሬ ክር ላይ አንደኛ ጣታቸውን አሳርፈው ደጋኑን በዝግታ ሳቡ። አንድም ሰው ክሩን እንደገና ሳይቃኝ፣ ያ ሁሉ የተወቀሰው ቫዮሊን ለስልሶ ከቼሎው ጋር ገጠመ።

እኔ ግን ገና አልተረታሁም ነበር። "ሁለተኛ ቫዮሊኖቹን ለሁለት ከፍዬ ሚን ለግማሾቹ ብሰጥስ?" አልኳቸው።

"ለመክፈቻው ይሆንልሃል" አሉኝ፤ "ሁለተኛውን ገጽ ግን ራስህ የጻፍከውን አንብበው።"

አነበብኩት። እዚያ የመሀሉን መስመር ወደ ታችኛዋ ሚ አውርጄው ነበር። የቫዮሊን ወፍራሙ ክር ሶል ላይ ያበቃል፤ የቪዮላው ግን እስከ ዶ ይወርዳል፤ ቼሎዎቹም በዚያ ቦታ የራሳቸው እንቅስቃሴ ነበራቸው። ደግሞም ቫዮሊንና ቪዮላ አንድ ዓይነት ኖታ ቢይዙ እንኳ ድምፃቸው አይመሳሰልም። የቫዮሊን አካል ርዝመት 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የቪዮላው አብዛኛውን ጊዜ ከ38 እስከ 43 ነው፤ ይህም ለሚያወጣው ዝቅተኛ ድምፅ የሚያንስ በመሆኑ፣ ቪዮላ ጥርት ከማለት ይልቅ ደብዘዝና ጎርነን ይላል። መሀል ሆኖ ላይና ታቹን የሚያስተሳስረውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ቤትሆቨን በወጣትነቱ ቦን ውስጥ በኦርኬስትራ ቪዮላ ይጫወት ነበር፤ በአምስተኛው ሲምፎኒው የሁለተኛውን ክፍል መክፈቻ ዜማ ለቪዮላና ለቼሎ በአንድነት መስጠቱ እኔን ከዚያ ወዲህ አይገርመኝም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ባሉበት ጋሼን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ኖታቸውን ዘርግተው፣ "ይህችን ሦስተኛ መስመር እንደገና ገልብጥልኝ፤ ቀለሙ ፈስሶባት አትነበብም" አሉኝ። በዝግጅቱ ዕለት 11ዱ ወንበሮች ሦስት አንደኛ ቫዮሊን፣ ሦስት ሁለተኛ ቫዮሊን፣ ሁለት ቪዮላ፣ ሁለት ቼሎና አንድ ኮንትራባስ ተቀመጡባቸው። ቦታቸውን በፈቃዳቸው የለቀቁት ሁለቱ ቫዮሊን ተጫዋቾች ከአድማጩ መሀል ነበሩ፤ ያች ሚ ስትገባ አንደኛዋ ዞር ብላ አየችኝ።