አንድ ቂብላ፣ ብዙ አቅጣጫ

የዛሬው የክፍል ውሎ ያሳየው፦ ስለ እስልምና ውስጣዊ ልዩነት ለልጆች ሲነገር በ«ሱኒና ሺዓ» ከተጀመረ፣ «ትክክለኛው የቱ ነው?» ይመጣና 40 ደቂቃው በክርክር ያልቃል። ከካርታ መጀመር ይሻላል። አራት ክር ይበቃል፤ አንዱ ጫፍ መካ ላይ ይሰካል። ከጎንደር ክሩ ወደ ሰሜን ሄዶ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ ከሞሮኮ ወደ ምሥራቅ፣ ከህንድ ወደ ምዕራብ፣ ከቱርክ ወደ ደቡብ። ቂብላው፣ ማለትም ሙስሊሞች ሲሰግዱ ፊታቸውን የሚያዞሩበት ቦታ፣ ግን አንድ ነው።

ቀጥሎ አራቱ የሱኒ መዝሀቦች (የሃይማኖታዊ ሕግ አረዳድ ዘርፎች)። በሶላት ቆመው ሐነፊዎች እጃቸውን ከእምብርት በታች ያስራሉ፤ ሻፊዒዎች ከእምብርት በላይ፤ ብዙ ማሊኪዎች ወደ ጎን ይለቁታል። ሐንበሊ በስም ቢጠቀስ ይበቃል። በሥዕል ይሁን እንጂ ልጅ አስቁሞ ማሳየት አይገባም፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ወላጅ ይቆጣል፣ እውነቱንም ነው።

ልጆቹን በጣም የሚያደናግራቸው ጠሪቃ፣ ማለትም የሱፊዎች መንፈሳዊ መንገድ፣ ነው። ቃዲሪያና ቲጃኒያ የሱፊ መንገዶች እንጂ መዝሀብ አይደሉም፤ አንድ ሰው ሻፊዒም ቃዲሪም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የአማርኛ መንዙማ ማሰማት ከሰሌዳ ጽሑፍ ይበልጣል። ሺዓ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይቆይ።