«ባህሩ ይሄ ነው?»

ማታ ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን ቲቪው የጅዳውን የፎርሙላ ዋን ውድድር እየደገመ ነበር፣ ልጆቹ በመኪኖቹ ፍጥነት ይጯጯሃሉ፣ ቡና የምታፈላልን እህታችን ግን ጀበናውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አይኗ መኪናው ላይ አይደለም፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ውሃ ላይ ነው። «ባህሩ ይሄ ነው?» አለች።

ጅዳ አራት አመት ሰርታለች እኮ! ፓስፖርቷን ማዳሟ ይዛባት፣ በሩ ከውጭ እየተቆለፈባት፣ ከተማውን የምታውቀው በኩሽና መስኮት ብቻ ነው። ጀበናው እጇ ላይ እስኪቀዘቅዝ አየች፣ ማናችንም ቅጂልን አላልናትም።

ውድድሩ እዛ ከተጀመረበት ከ2021 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የሰብአዊ መብት ክርክር አለ፣ ተወዳዳሪው ሉዊስ ሃሚልተን ራሱ እዛ መወዳደር እንደማይመቸው ተናግሯል፣ በ2022 ደግሞ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሳውዲ በአንድ ቀን 81 ሰው በሞት ቀጣች፣ መኪኖቹ ግን ሮጡ። ይሄ ሁሉ መነሳት አለበት፣ ግን በካፋላ፣ ሰራተኛን ከአሰሪው ጋር በሚያስረው የስፖንሰር ስርአት፣ ታስረው ያሉት የቤት ሰራተኞችስ? ከወሎ ስንት እናት ናት ዛሬም ማታ ስልኳን ታቅፋ የምትጠብቀው።

ውድድሩ ሲያልቅ «ደግሞ አያሳዩትም?» አለችን፣ ባህሩን ማለቷ ነው።