የባንዳን ታሪክ ከባዕዳን ጽሑፍ ስለቅም

ገውዝ የመጣው ከባንዳ ነው። ስሙ ከእኛው “ባንዳ” ጋር አይገናኝም፤ ምሥራቅ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ደሴቶች ናቸው። ታሪካቸውን ልጽፍ ስነሳ በእጄ የነበረው የውጭ ሰዎች ጽሑፍ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ያነበብኩት ጣሊያናዊውን ሉዶቪኮ ዲ ቫርቴማን ነው። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1510 ነው። ባንዳ ንጉሥም ገዢም የላትም፤ ሰዎቿም እንደ እንስሳ ናቸው ይላል። እኔም ደብተሬ ላይ “አስተዳደር አልነበራቸውም” ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ቶሜ ፒሬስን አነበብኩ። ፖርቹጋላዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ ከ1512 እስከ 1515 ማላካ በምትባለው የንግድ ወደብና ሕንድ ሆኖ ነው የጻፈው። እሱም ንጉሥ የላቸውም ይላል። ግን የሚያስተዳድሯቸው ሽማግሌዎች ናቸው ብሎ ይጨምራል። ደነገጥኩ። አንዱ ንጉሥ ሲያጣ ሰዎቹን ከእንስሳ ቆጠረ፤ ሌላው ሽማግሌዎቹን አየ። ያንን መስመር ሰረዝኩት።

ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን “አይቶ ነው ሰምቶ?” ብዬ እጽፋለሁ። ቫርቴማ ባንዳ መድረሱን ብዙ ተመራማሪዎች ይጠራጠራሉ። ፒሬስ የሚነግረን ከነጋዴ የሰማውን ነው፤ ቢሆንም ነጋዴዎቹ ቦታውን ያውቁታል። ማላካ የሚመጡትን ሲዘረዝር ሐበሾችንም ይጠራል። ያቺን ቦታ ስንት ጊዜ መላልሼ እንዳነበብኳት!

የከበደኝ በእስያ ይነግድ የነበረው የሆላንዱ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ወረቀት ነው። ባንዳዎች ውል አፍራሾች ናቸው እያለ ይከሳል። ውሉ ገውዙን ለኩባንያው ብቻ ሽጡ የሚል ነበር። ሩዝና ጨርቅ የሚያመጡላቸው ግን የጃቫና የሌላ አገር ነጋዴዎች ናቸው። እነሱን ካባረሩ ምን ይበላሉ? ደግሞስ ንጉሥ በሌለበት የአንድ መንደር ሽማግሌ ፊርማ ሌላውን መንደር እንዴት ያስራል? ፒሬስን ባላነብ ኖሮ ክሱን እንዳለ እገለብጠው ነበር።

በ1621 የኩባንያው ጠቅላይ ገዢ ያን ፒተርስዞን ኩን ደሴቶቹን በጦር ያዘ። ከዚያ በፊት 15 ሺህ ገደማ ሰው ይኖርባቸው ነበር ተብሎ ይገመታል። አብዛኛው ተገደለ፣ በረሃብ አለቀ፣ በባርነት ተጋዘ። ያመለጡት ወደ ካይ ደሴቶች ተሻገሩ። እዚያ ባንዳ ኤሊ በሚባል መንደር ቋንቋቸው ዛሬም ይነገራል።

አሁን ቃላቱን እየለቀምኩ ነው። መጀመሪያ የፈለግኩት “ሽማግሌ”ን ምን ብለው እንደሚጠሩ ነው።