መኪናም ያልበዋል

«ላብ ነው።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ረከቦት ተዘርግቶ፣ ፈንዲሻ ተበትኖ፣ ጎረቤት ሁሉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እያየኝ። ሦስት ሳምንት አለፈው። አሁንም ጥርሴን ስፍቅ ትዝ ይለኝና መፋቂያውን እነክሰዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው የእህቴ ባል አሮጌ ሚኒባስ ሲገዛ ነው። ለታክሲ አይደለም። ወንበሩን አስነቅሎ አልጋ፣ ምድጃና ሲንክ ሊያስገባበት ነው። ከዚያ እንግዳ ጭኖ ወደ ጮጬ፣ ሲመቸውም እስከ ቦንጋ እየወሰደ ቡና ጫካ ውስጥ ሊያሳድር። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ክፉው እኔ «የውሃውን ነገር ለኔ ተውልኝ» ማለቴ ነው። ማን ጠየቀህ? ማንም። ልምድህስ? አንዴ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ጎሚኒ ቀይሬ አውቃለሁ። እሱም ሁለት ቀን አርፎ ማንጠባጠቡን ቀጥሏል።

አሜሪካ ያለችው የአክስታችን ልጅ ዕቃውን በሰው እጅ ላከችልን። በ12 ቮልት የሚሠራ ፓምፕ፣ በመኪናው ጎን የሚገጠም የውሃ ማስገቢያ፣ ደግሞ አንዲት ድብልብል ያለች የናስ ዕቃ። የናሷ ሥራ አልገባኝም። መመሪያ ወረቀት ነበራት፤ አላነበብኩትም። ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። እሷም ለአሻንጉሊቷ በርጩማ አደረገቻት።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ከአልጋው ሥር 100 ሊትር የሚይዝ ታንከር ይቀመጣል። ከማስገቢያው ወደ ታንከሩ ጎማ ይሄዳል። ፓምፑ ከታንከሩ እየሳበ ወደ ሲንኩ ይገፋል። መኪናው ግቢ ሲቆም በውሃ ጎማ ከቤቱ ቧንቧ ጋር ይያያዛል። አለቀ።

አላለቀም። ማስገቢያውን ከኋላ በግራ በኩል ላሜራውን በስቼ ገጠምኩት። ዙሪያው ሲልኮን ይቀባል። ነገ ብዬ ተውኩት። ችግሩ አፉ ላይ መጣ። የአሜሪካው ሦስት አራተኛ ኢንች ነው። የኛም ሦስት አራተኛ ኢንች ነው። ግን አንድ ዙር ይገባና ይነክሳል። ምክንያቱን የሰማሁት ኋላ ነው፦ የኛ ቧንቧ ጥርስ በአንድ ኢንች 14 ነው፣ የነሱ የጎማ ጥርስ 11 ተኩል። እኔ ግን አዲስ ስለሆነ የጠበቀ መስሎኝ በፓይፕ ቁልፍ ታገልኩት። አልገባ ያለውን በቴፍሎን ጠመጠምኩት። አንድ ጥቅል አልቆ ሁለተኛውን ጀመርኩ። ስጨርስ መጋጠሚያው ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ኳስ ተጫዋች መሰለ።

ስለ ኢንች ካነሳን አይቀር ሆዴ ውስጥ ያለውን ልናገር። ሂርማታ ገበያ ወርጄ ግማሽ ኢንች ቧንቧ ጠየቅሁ። ማስመሪያ ይዤ ነበር። ጥርሱ ከውጭ ወደ 21 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ኢንች ደግሞ 12.7 ነው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ግማሽ አይደለም» አልኩት ባለሱቁን።

«ግማሽ ነው።»

«የቱ ጋ ነው ግማሹ?»

ከውስጥም ለካሁት። እዚያም የለም። ባለሱቁ ማስመሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ከኋላዬ የቆመውን ሰውዬ «አንተስ ምን ፈለግህ?» አለው። አያችሁ፣ የትም ቦታው ግማሽ ኢንች ያልሆነ ዕቃ ግማሽ ኢንች ተብሎ ሲሸጥ ማንም አይስቅም። እኔ አንዴ «ላብ ነው» ስላልኩ ግን ሰፈሩ ሁሉ ሆዱን ይይዛል።

ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው። የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ሲመጣም እንደተቆጣ ሰው ነው። ቅዳሜ ማታ ጎማውን አያይዤ ቧንቧውን ከፍቼ ተኛሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሚንሿሿ ነገር ሰማሁ። ዝናብ ነው ብዬ ብርድ ልብሴን ሳብኩ። ጅማ ውስጥ በክረምት ሌሊት የሚንሿሿ ነገር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ጠዋት ታንከሩ ጢም ብሏል። እንዲያውም እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል። ደስ አለኝ። ጎረቤት ተጠራ። የሲንኩን ቧንቧ ገና ስነካው፣ ፓምፑ እንኳ ሳይነሳ፣ ውሃው ፈንጥቆ ወጣ። እልል ተባለ። ጀበናው በዚያ ውሃ ተጣደ። የእህቴ ባል «ኢንጂነር!» አለኝ። ቃሏን እያጣጣምኩ ነው፤ አቦሉ ገና አልተቀዳም።

«ጋሼ፣ ፍሬቻው ውስጥ ውሃ አለ።»

የጎረቤት ልጅ ነው። ቢበዛ ስምንት ዓመቱ ነው።

ሁሉም ስኒውን ሳይጠብቅ ተነሳ። የኋላው የግራ ፍሬቻ ግማሽ ድረስ ሞልቷል። ኩልል ያለ ውሃ። ላዩ ላይ አንዲት የሣር ሰበዝ ትንሳፈፋለች። ሰበዟ ላይ አንድ ጉንዳን ተሳፍሯል።

ዝም ብል ምን ነበረበት? «ላብ ነው» አልኩ። ዝም ሲሉኝ ደግሞ ጨመርኩበት። «መኪናም ያልበዋል። በተለይ አዲስ ሲሆን።» መኪናው በዕድሜ የልጁን አባት ይበልጣል።

የእህቴ ባል ምንም ሳይናገር ገብቶ ፍሬቻውን አበራው። በራ! ውሃው ውስጥ ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ፣ ድርግም። ጉንዳኑ በየብልጭታው ብቅ ይላል። ልጆቹ ተንጫጩ። አንዱ ከአወቱ ወንዝ ዓሣ ላምጣ አለ። አንዷ እናት የሚነጫነጭ ልጇን አቅፋ አምጥታ አሳየችው፤ ጸጥ አለ። ከማዶ ያሉት ግንበኛ ጎረቤታችን ደግሞ ጎንበስ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ውሃ ልክ እኮ ነው» አሉ። «ግቢያችሁ ወደ ግራ ያዘነብላል።»

የግቢውን ድንጋይ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ የቧንቧ ሠራተኛ ተጠሩ። ሽማግሌ ናቸው። መጋጠሚያውን በአንድ ጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ይህን ማነው የሠራው?»

«አንድ ልጅ ነበር» አልኩ። «ሄዷል።»

እህቴ አጠገባችን ቆማለች። ምንም አላለችም።

አባባ አንድ በአንድ ነገሩን። ጥርሱ አይገናኝም። ታንከሩ የአየር መተንፈሻ የለውም፤ የተነፋው ለዚያ ነው። ከመጋጠሚያው የፈሰሰው ውሃ ሲልኮን ባልተቀባው ቀዳዳ ገብቶ፣ በላሜራው ውስጥ ወርዶ፣ ፍሬቻው ጋ ተጠራቅሟል። «ደግሞስ ግፊት መቀነሻ ሳይደረግ ነው? የናስ ናት፣ ድብልብል ያለች። ከዕቃው ጋር አልመጣችም?»

የእህቴ ልጅ አሻንጉሊቷን አስነስታ በርጩማዋን አመጣች።

አባባ አዲስ መጋጠሚያ አስገዝተው ሠሩት። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም። ሲጨርሱ ቦርሳቸውን አንግተው በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ።

«ያንን ልጅ ካገኛችሁት ሁለተኛ ቧንቧ እንዳይነካ ንገሩልኝ።»

«እንነግረዋለን አባባ» አለች እህቴ። «ከዚሁ አካባቢ አይጠፋም።»